የአገርነሽ ግራ ከንፈር

የአገርነሽን ፊት ለሁለት ብትከፍሉት ቀኙ የሃያ ሁለት ዓመት ኮረዳ ነው፤ ግራው ግን የማንም አይደለም። ሲቀላ ገበያ ላይ በጠመንጃ ሰደፍ ከጆሮዋ ሥር ከተመታች ወዲህ፣ አምስት ወር ሙሉ፣ ያ ጎን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ዓይኑ አይከደን፣ ከንፈሩ አይነሣ። የበቆሎ ኩርኩፋ ስትበላ ጎመኑ ጉንጯ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል፤ ውሃ ስትጠጣ በአገጯ ይወርዳል። ሰፈርተኛው «ምች ነው» አለ። ምች! ምች ጠመንጃ ታጥቆ ገበያ ሲወጣ ያየ ካለ ይምጣና ይንገረን። ሰው እውነቱን መናገር ሲፈራ ለበሽታ ስም ሲያወጣ ይውላል።

ያን ሐሙስ ጠዋት ከሆስፒታሉ ጓሮ ባለችው ጠባብ የሕክምና ክፍል ውስጥ ለዘጠነኛ ጊዜ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ የቪዲዮ ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሟል፤ ከካሜራው ጀርባ በዛብህ ጎንበስ ብሎ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል።

«ተዘጋጀሽ?»

«ለመሣቂያነት ምን ዝግጅት ያስፈልገዋል?»

«ማንም አይስቅብሽም፣ አገርነሽ።»

«አንተማ አትስቅም። አንተ ትለካለህ። እሱ አይብስም?»

ሳቀ። ሲስቅ ሁለቱም የከንፈሩ ጫፎች እኩል ይነሣሉ። እሷ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ስታይ የከረመችው ይኼንኑ ነው፤ እኩል የሚነሣ ከንፈር። አንዳንዴ ትቀናለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ቅናት ያልሆነ ሌላ ነገር ደረቷ ላይ ቁጭ ይልባታል።

በዛብህ አዲስ አበባ ፊዚዮቴራፒ ተምሮ የመጣ ልጅ ነው። ካሜራውን፣ ቴሌቪዥኑንና ማጫወቻውን አንድ የውጭ አገር ሐኪም ለጥናት ትቶለት ሄዷል። የሐኪሙ ትእዛዝ አጭር ነው፤ ፊቱ የሞተበትን በሽተኛ በየሳምንቱ ቅረጽ፤ ቅንድብ ያንሣ፣ ዓይን ይጨፍን፣ ጉንጭ ይንፋ፣ ጥርስ ያሳይ። ከዚያ የመጀመሪያውን ከመጨረሻው አስተያይ። በዓይንህ ብቻ አትመን፤ በሽተኛውን የወደደ ሐኪም ያልዳነውን ድኗል ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪሙ መጥቶ ካሴቶቹን ወደ አገሩ ይወስዳል።

በዛብህ አለካኩን ራሱ ነው የፈለሰፈው። አሮጌ የራጅ ፊልም በሙቅ ውሃ አጥቦ መስታወት አስመሰለው። ያንን ቴሌቪዥኑ ላይ ይለጥፍና ሥዕሉን አቁሞ፣ የአገርነሽ ግራ ከንፈር ጫፍ ያለበት ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ያደርጋል። ስምንት ሳምንት፣ ስምንት ነጥብ። ስምንቱም አንድ ቦታ ተደራርበው እንደ ጠቃጠቆ ቁጭ ብለዋል። አንዷም ንቅንቅ አላለችም።

ቤት የምትሠራውን ደግሞ በወረቀት ይጽፍላታል። መጀመሪያ «ቅንድብ ጠዋት አሥር ጊዜ፣ ጉንጭ አሥር ጊዜ» ብቻ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ከታች አንዲት መስመር ተጨመረች፤ «ስትተኚ ዓይንሽን በፋሻ መሸፈን አትርሺ፤ እኔ አልረሳሁም።» አገርነሽ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ቆሎ እያኘከች ነው የምታነበው። ያቺን መስመር ሰባት ጊዜ አኘከቻት።

ነገር ግን በዛብህ የጓድ ሸዋንዳኝ ልጅ ነው። ጓድ ሸዋንዳኝ ከሰሜን በሹመት የመጣ፣ የከተማው ጥበቃ አዛዥ። መድረክ ላይ ሲወጣ «ጭቁኖች እኩል ናቸው» እያለ አረፋ ይደፍቃል፤ ቤቱ ሲገባ «ልጄ የሸማኔ ልጅ ጉንጭ ሲያሽ ይውላል» ብሎ ምራቁን ይተፋል። ገበያው የታፈሰ፣ እሷም የተመታች ቀን ግን «አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ነበርኩ» ብሎ ለጋሞ ሽማግሌዎች ምሏል። ወንድሟ ዘካሪያስ በዚያ አፈሳ ተይዞ ወደ ጦር ሜዳ ከተጫነ ወዲህ ወሬው የለም። አገርነሽም «አባቱ ካልነበረ ልጁ ምን አደረገኝ» ብላ ራሷን አሳመነች። ልብ አንዴ ከፈቀደ ሰበብ አያጣም።

«ዛሬ መጀመሪያ የመጀመሪያውን ሳምንት እንይ» አለ በዛብህ ካሴቱን ማጫወቻው ውስጥ እየከተተ። «ከዚያ የዛሬውን እንቀጥላለን። ካሜራው እየቀረጸሽ ነው፤ እንዳትነሺ፤ ሙቁን ፎጣ ይዤ መጣሁ።»

ወጣ። ቴሌቪዥኑ ላይ የመጀመሪያዋ ሳምንት አገርነሽ ጥርሷን ልታሳይ ትታገላለች። «ቀስ በይ፣ ቀስ» ይላል የበዛብህ ድምፅ። ከዚያ ሥዕሉ ነጭ በነጭ ሆነ፤ አሸዋ ፈሰሰበት። ያቺ ቀረጻ አጭር ነበረች፤ ካሴቱ ግን አላለቀም።

ከአሸዋው ሥር ገበያ ብቅ አለ።

ሲቀላ ነው። ሙዝ የተሸከሙ ሴቶች፣ አቧራ፣ ፀሐይ። መሐል ላይ ደግሞ ሦስት ጋቢ ትከሻው ላይ የደረበ ረጅም ልጅ፣ ወደ ካሜራው እየጠቆመ። «እኔን ነው? እኔን ነው? አንሳኛ ወንድሜ! ጋቢውንም ጨምርልኝ፣ ይሸጥልኛል!»

ዘካሪያስ። እየሳቀ።

ቤታቸው አንድም የዘካሪያስ ፎቶግራፍ የለም። አገርነሽ እጇን ዘርግታ የቴሌቪዥኑን መስታወት ነካች። ሞቃት ነበር። «ዘኪ» አለች፤ ከንፈሯ ስሙን እንኳ በወጉ አልያዘላትም።

ከዚያ መኪኖቹ መጡ። ሙዙ ተበተነ፣ ሴቶቹ ጮኹ፣ ታጣቂዎቹ ወጣቱን እንደ ዶሮ እያነቁ ወደ መኪና ወረወሩ። ዘካሪያስን ሁለት ሆነው ያዙት። አንዲት ልጅ እየሮጠች መጥታ ቀበቶው ላይ ተጠመጠመች፤ ጋቢዎቹ እግሯ ሥር ተረገጡ። እሷ ናት። ሁለቱም ጎኑ ደህና በነበረው ፊቷ። ከመኪናው ደረጃ ላይ ባለ ቆዳ ጃኬት ሰው ቆሟል፤ ጓድ ሸዋንዳኝ።

«ምን ታያለህ አንተ! በላት!»

ሰደፉ ተነሣ። የያዘው ዳና ነው፤ የጨንቻው ዳና፣ በደጃፋቸው ባለፈ ቁጥር «ሳሮ፣ ጋሽ ዳልጮ» ብሎ ለአባቷ ሰላምታ ሳይሰጥ የማያልፈው ዳና። ሰደፉ ወረደ። ድምፁ የበሰለ ዱባ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ነው። ልጅቷ ወደቀች። ዘካሪያስ «እህቴን!» ብሎ ሲጮህ አፉ ላይ መቱት፤ ጥርሱ ከደም ጋር ወጣ፤ እግሩን ጎትተው ጫኑት።

ካሜራው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልወደቀም። ዞርም አላለም። ከካሜራው አጠገብ አንድ ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳል። «ወይኔ» ይላል በሹክሹክታ። «ወይኔ፣ ወይኔ።»

ያ ድምፅ «ቀስ በይ፣ ቀስ» የሚለው ድምፅ ነው።

በሩ ተከፈተ። በዛብህ እንፋሎት የሚያወጣ ፎጣ ይዞ ቆመ። ቴሌቪዥኑን አየ። ፎጣው ከእጁ ወደቀ።

አገርነሽ ቀስ ብላ ተነሣች። «ስንት እርምጃ ነበር?» አለችው።

«አገርነሽ...»

«ከቆምክበት እኔ እስከወደቅኩበት። ለካኝ እንጂ፣ መለካት ሥራህ አይደል? ስንት እርምጃ?»

«አሥር።»

«አሥር እርምጃ! አባትህም ነበር። ታውቅ ነበር። ዘጠኝ ሳምንት ጉንጬን ስታሽ ታውቅ ነበር!»

«ልማር ብዬ ገበያውን እየቀረጽኩ ነበር። በኋላ ላጠፋው ብዬ ያንቺን ላዩ ላይ ቀረጽኩበት። የጠፋ መስሎኝ... እስከ መጨረሻው አዙሬ ላየው ፈራሁ።»

«ያን ቀንስ?»

መነጽሩን አወለቀ። «ያን ቀንም ፈራሁ» አለ።

እጁ ታስሮ ነበር ቢላት፣ አላየሁም ቢላት፣ ትንሽ ትረጋጋ ይሆናል። እውነቱን መናገሩ ነው ያሳበዳት። መቀስና ፋሻ የተደረደረበትን የብረት ትሪ አንሥታ ወረወረችው። ግንባሩን አገኘው። ደሙ ቅንድቡን አልፎ ሲወርድ እጁን እንኳ አላነሣም። «ፈሪ!» አለች። «ፈሪ ውሻ!» በካሜራው እግር ደረቱን ልትለው ብላ ተወችው፤ በጥፊ አጮለችው፣ ደገመችው፣ መዳፏ በደሙ ቀላ። ከዚያ ካሴቱን ከማጫወቻው መንጭቃ ነጠላዋ ሥር ከተተችና ወጣች።

ግቢው ውስጥ ወረፋ የያዘ ሕዝብ አለ። «ሸዋንዳኝ አዲስ አበባ ነበርኩ ያላችሁን አትመኑ!» ብላ ጮኸች። «ገበያው ላይ ነበር! በላት ሲል በካሴት አይቻለሁ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ወለቴ የምትባለዋ የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ጥላ ሮጣ አፏን ልትይዛት ሞከረች። «ዝም በይ አንቺ ልጅ! ሁላችንንም ልታስፈጂን ነው?»

አገርነሽ ዝም አላለችም። እስከ በሩ እየጮኸች ሄደች። ዕንባዋ በቀኙ ዓይኗ ፈሰሰ፤ ግራው እንደተከፈተ፣ እንደ ደረቀ፣ ለማንም የማያለቅስ ይመስል ዝም ብሎ ያያል። ሰደፉ ያን ያህል አላመማትም ነበር።

* * *

አባቷ ዳልጮ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሲሠራ አገኘችው። ሁሉንም ነገረችው። የዳናን ስም ስትጠራ መወርወሪያው ከእጁ አመለጠ።

«እርግጠኛ ነሽ? ዳና?»

«አይቼዋለሁ፣ አባዬ። የአጎቴ ልጆች ይስሙ። ጉሮሮውን ይቁረጡት።»

«ዝም በይ።» ዳልጮ ድምፁን አላነሣም፤ አንሥቶም አያውቅ። «ዳና የኛው ሰው ነው። እርጥብ ሣር ይዞ ደጄ ይቁም፤ ያኔ እሰማዋለሁ። እስከዚያ ስሙን ቤቴ ውስጥ እንዳትጠሪው። ሣር ሳይቀድም እጅ ካነሣን የአባቶች ክልክል ነው፣ ጎሜ ይሆንብናል፤ ነውሩ በልጅ ልጅ አይለቅም።»

አገርነሽ ይህን ታውቃለች። ጨንቻ፣ ገና ልጅ ሳለች፣ ሁለት ጎሣ ጦር ሲማዘዝ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መሐል ሲንበረከኩ አይታለች። ከዚያ ወዲያ ጦር የሚወረውር አልነበረም። ገበያው ላይ ግን ሽማግሌም ሣርም አልነበረም፤ አቧራ ብቻ።

«ካሴቱስ?» አለ አባቷ።

«ዘካሪያስ ውስጡ አለ። እየሳቀ።»

ዳልጮ እጁን በጋቢው ጠርጎ ዘረጋ። ካሴቱን ተቀብሎ እንደ ሕፃን ራስ ዳበሰው፤ ጥቁር ላስቲክ ነው፣ ምንም አይታይበትም። መልሶ ሰጣትና መወርወሪያውን ሊፈልግ ጎንበስ አለ። ሲፈልግ ብዙ ቆየ፤ መወርወሪያው ግን እግሩ ሥር ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወለቴ እያለከለከች ገባች።

«እንኪ» አለች፣ ከጡቷ መሐል ወረቀትና የተጠቀለለ የራጅ ፊልም እያወጣች። «ያ የተረገመ ልጅ ነው። አሁን አንብቢው።»

«አላነብም፣ እትዬ ወለቴ። መልሺለት።»

«እኔ ፖስታ ቤት ነኝ እንዴ የምመልሰው? አንብቢ!»

አነበበች። ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል።

«አገርነሽ፤ ይቅርታ ብዬ አልጀምርም። ይቅርታ የሚል ሰው በምላሹ የሚጠብቀው ነገር አለው፤ እኔ የምጠብቀው የለኝም። ትናንት ካሜራው ክፍት ነበር። ስትሰድቢኝ፣ ትሪውን ስትወረውሪ ተቀርጿል። ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ጊዜ እየመለስኩ አየሁት። ‹ፈሪ ውሻ› ባልሽበት ቦታ ላይ የግራ ከንፈርሽ ተነሥቷል። የጥፍር ውፍረት ታህል ናት፤ ግን ተነሥቷል። በዓይኔ ብቻ አላመንኩም፣ ለካሁት። ነርቭሽ አልሞተም።

«እኔ ዘጠኝ ሳምንት በደግ ቃል ያላስነሣሁትን አንቺ በአንድ ጠዋት በጥላቻ አስነሣሽው። ስለዚህ የቤት ሥራሽ ተለውጧል። በቀን አሥር ጊዜ ስደቢኝ። ከልብሽ ይሁን፤ ያለዚያ አይሠራም።

«የራጅ ፊልሙን ልኬልሻለሁ። ስምንቱ ነጥቦች የኔ ናቸው። ዘጠነኛው ያንቺ ነው።

«አባቴ ካሴቱ ለውጭ አገር ሰዎች እንዳይደርስ እየፈለገው ነው። እኔ ዘንድ ነው ብዬዋለሁ። ዘካሪያስ ውስጡ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አቃጥይው። ያን ቀን አሥር እርምጃ ነበር። ከዚያ ወዲህ እየቆጠርኩት ነው የምኖረው። በዛብህ።»

አገርነሽ የራጅ ፊልሙን ወደ በሩ ብርሃን አነሣችው። ስምንት ቀይ ነጥቦች አንድ ላይ ተፋፍገዋል። ከእነሱ ከፍ ብላ፣ ለብቻዋ፣ አንዲት ነጥብ። አንዲት ደም የመሰለች ነጥብ።

«አሁን የት ነው?» አለች።

«የት ይሆናል? አባቱ እጅ ላይ ነዋ! ስወጣ ከሆስፒታሉ ግቢ ዋርካ ሥር አስወድቆ ያስገርፈው ነበር።»

«እና ይኼን ይዘሽ ቁጭ ብለሽ ታስነብቢኛለሽ!»

«እኔ ምን ላድርግ! ‹መጀመሪያ ታንብበው፣ ከዚያ ንገሪያት› ብሎ አስምሎኝ ነው! ደሞ ሄደሽ ምን ልታመጪ...»

አገርነሽ ግን ወጥታለች። ካሴቱ ከነጠላዋ ሥር ጎኗን እየወጋት ትሮጣለች። ልትጠላው ነው የምትሮጠው፤ እንዲያ ነው ለራሷ የነገረችው። የምትጠላውን ሰው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይገድልባት።

* * *

የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ በየመስኮቱ ተኮልኩሏል። አንድም ወንድ በሩን አልፎ አልወጣም። ከዋርካው ሥር በዛብህ በግንባሩ ተደፍቶ፣ የሸሚዙ ጀርባ ተቀዶ ሥጋው ላይ ተጣብቋል። ዳና ጠመንጃውን በአፈሙዙ ይዞ ከራሱ በላይ አንሥቷል፤ ላብና ዕንባ ፊቱ ላይ ተቀላቅሏል። ጓድ ሸዋንዳኝ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ካሴቱ የት ነው?»

«ነገርኩህ» አለ በዛብህ፣ አፉ አፈር ሞልቶ። «ጣልኩት። አባያ ሐይቅ ውስጥ ጣልኩት።»

«ትናንት እኔ ጋ ነው አልክ፣ ዛሬ አባያ ሆነ? ጎድኑን በለው!»

ሰደፉ ወረደ። አንድ ነገር ውስጡ ቀጭ አለ። በዛብህ አልጮኸም፤ ትንፋሹ ብቻ እንደ ፊኛ ወጣ።

ከበሩ አጠገብ ቧንቧ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ ሣር በቅሏል። አገርነሽ ጎንበስ አለችና ከነሥሩ ነቀለችው። ሴት ልጅ ሣር ይዛ በጠብ መሐል ስትገባ አይታ አታውቅም፤ የሽማግሌ ሥራ ነው። ሽማግሌ ግን ግቢው ውስጥ አልነበረም። ሄደች፣ በዛብህን ተሻግራ ቆመች፣ ጭቃ የሚንጠባጠበውን ሣር ዳና ፊት ዘረጋችው።

«ምታ» አለችው። «ሣሩን ካለፍክ ምታ።»

የዳና እጅ አየር ላይ ደረቀ። ሣሩን አየ፤ ከሣሩ በላይ ራሱ ያጣመመውን ፊት አየ። ጠመንጃውን መሬት አስቀምጦ ተንበረከከ።

«ምን ሆንክ አንተ! ተነሥ!» አለ ሸዋንዳኝ።

«አልችልም፣ ጓድ። ጎሜ ነው። ሣር ተሻግሮ አይመታም።»

«ሣር ከብት ይብላው!» ሸዋንዳኝ ጠመንጃውን ራሱ አነሣ። «አንቺ የሸማኔ ዘር! ልጄን በጠማማ ፊትሽ አዙረሽብኝ... ዞር በይ ከዚያ!»

አገርነሽ ሹመኛ ሲባል ዕድሜ ልኳን «እርስዎ» ብላ ነው ያደገችው። ያን ቀን ረሳችው።

«በቀኙ ምታኝ» አለችው ጉንጯን አዙራ። «ግራውን ወስደኸዋል።»

ሰደፉ ተነሣ። ዓይኗን ልትጨፍን ፈለገች፤ ቀኙ ተጨፈነ፣ ግራው አልተጨፈነም። ስለዚህ ሁሉንም አየች። ከእግሯ ሥር ያ የተሰበረ ሰው በእጁ መሬቱን ገፍቶ ሲነሣ አየች፤ በእሷና በሰደፉ መሐል ሲገባ አየች። አሥር እርምጃ አልነበረም፤ ግማሽ ነበር። ግን ገባ።

ድምፁን ታውቀዋለች። ዱባው ድንጋይ ላይ ወደቀ።

አብራው ወደቀች፤ በዛብህ ጭኗ ላይ ተገነደሰ። ከግራ ጆሮው ሥር ደም ቡልቅ አለ። ሸዋንዳኝ የገዛ እጁን አየ፣ ልጁን አየ፣ በመስኮቶቹ የተደረደሩትን ዓይኖች አየ። የሚያፍር ሰው አውሬ ይሆናል፤ እሱም ሽጉጡን መዘዘ።

«ካሴቱን!» አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። አፈሙዙን የልጁ ግንባር ላይ ደገነው። «አሁን ካልመጣ ሁለታችሁንም እዚሁ አጋድማችኋለሁ! በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ!»

በካደው እግዚአብሔር ማለ እንግዲህ። ሊያደርገው እንደሚችል ሁሉም አወቀ።

አገርነሽ እጇን ነጠላዋ ሥር ሰደደች። ካሴቱ ከገላዋ ሙቀት ሞቋል። ዘካሪያስ እዚያ ውስጥ ሦስት ጋቢ ደርቦ ይስቃል፤ «ጋቢውንም ጨምርልኝ» ይላል። አባቷ ገና አላየውም። እናታቸው ሳታየው ሞታለች። ከጦር ሜዳ ባይመለስ በዚህ ምድር ላይ የቀረው የዘካሪያስ ፊት ይኸው ብቻ ነው። ጭኗ ላይ ደግሞ ሌላ ፊት አለ፣ የሚደማ፣ የሚተነፍስ።

«ይቅር በለኝ፣ ዘኪ» አለች በጋሞኛ። ከዚያ ካሴቱን ዘረጋች። «እንካ። ወንድሜን ሁለት ጊዜ ወሰድከው።»

ሸዋንዳኝ ነጠቃት። ክሩን በጥርሱ ይዞ መዘዘው፤ ጥቁሩ ክር እንደ በግ አንጀት ተዘረገፈ። ረገጠው፣ አፈር አስበላው፣ ክብሪት ጫረበት። እየተኮማተረ ሲነድ አንድ የሚሰነፍጥ ሽታ ወጣ። አገርነሽ ጭሱን እያየች አላለቀሰችም።

«በዛብህ» አለ ሸዋንዳኝ፣ አሁን ቀስ ብሎ። «ተነሥ። ወደ ቤት እንሂድ።»

ልጁ እጁን ዘርግቶ የአገርነሽን ነጠላ ጨበጠ። ሸዋንዳኝ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ጃኬቱን አስተካክሎ ለብቻው ወጣ። ዳና እንደተንበረከከ ነው። አገርነሽ ሣሩን እግሩ ሥር ወረወረችለት።

«ይዘኸው ሂድ። አባቴ ደጅ ቁም። እኔን አትለምነኝ።»

ዳና ሣሩን በሁለት እጁ ሰብስቦ፣ ጠመንጃውን ሳያነሣ፣ በእግሩ ወደ ሲቀላ ወረደ።

ወለቴ ፋሻ ይዛ እየተራገመች መጣች፤ ጎድኑን አሰረችለት፣ ደሙን አበሰችለት፣ «ሬሳ ይመስል ከብደህ!» እያለች ዛፉ ላይ ደግፋ አስቀመጠችውና ሐኪም ልትጠራ ሮጠች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

አገርነሽ አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አንድ ነገር ልቧን ወጋው። ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ቅንድብህን አንሣ» አለችው።

«ምን?»

«አንሣ ስልህ።»

የቀኙ ቅንድብ ተነሣ። የግራው አልተነሣም።

«ዓይንህን ጨፍን።»

ቀኙ ተጨፈነ። ግራው ክፍቱን ቀረ፤ ዕንባ ሞልቶት ያያታል። አገርነሽ አውራ ጣቷን አስቀድማ፣ እሱ በዘጠኝ ሳምንት እንዳስተማራት፣ የዓይኑን ቆብ ቀስ ብላ ወደ ታች ሳበችለት። ስትለቀው ተመልሶ ተከፈተ።

«ጥርስህን አሳየኝ።»

ሞከረ። እኩል ይነሣ የነበረው ከንፈር ወደ ቀኝ ብቻ ሄደ። ራሱም ገባው። ዘጠኝ ሳምንት የሌላ ሰው ፊት የለካ ሰው የራሱን ማወቅ አያቅተውም።

«ስንት ነው?» አለ፣ ቃሉ በአፉ ጎን እያመለጠ። «ልኬቱ?»

«ካሜራም የለኝ፣ የራጅ ፊልሙንም ቤት ትቼው መጣሁ። በዓይኔ ነው። ለምን ተነሣህ? ተኝተህ ነበር እኮ። ማን ተነሣ አለህ?»

«ፈርቼ ነበር» አለ በዛብህ። «አሁንም ፈርቼ ነበር፣ አገርነሽ። ድፍረት አይምሰልሽ።»

ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የእሱ የሞተው ጎን ከእሷ ደህናው ጎን፣ የእሷ የሞተው ጎን ከእሱ ደህናው ጎን ትይዩ ሆኗል፤ ሁለቱ ተጋግዘው አንድ ሙሉ ፊት የሚወጣቸው ይመስል። ልትለው የምታስበው ነገር ብዙ ነበር። ይቅር አልኩህ ልትለው አልቻለችም፤ የዘካሪያስ ጭስ ገና ከአፍንጫዋ አልወጣም። እንድትሄድ ግን እግሯ አልታዘዘም።

«የቤት ሥራዬን አልሠራሁም» አለች መጨረሻ ላይ። «በቀን አሥር ጊዜ ያልከኝን።»

«ከልብሽ ከሆነ ነው የሚሠራው።»

«ከልቤ ነው።» በሁለት መዳፏ ፊቱን፣ የሞተውንም ያልሞተውንም፣ ያዘችው። «ውሻ» አለችው። ድምፅዋ ግን ትናንት የነበረው ድምፅ አልነበረም። «ፈሪ ውሻ። የኔ ውሻ።»

ያኔ የግራ ከንፈሯ ጫፍ ተነሣ። በቁጣ አልነበረም። አንድም ካሜራ አልቀረጸውም፣ ማንም ነጥብ አላደረገበትም። እሱ ግን ሊጨፈን በማይችለው ዓይኑ አየው፤ እስከ መጨረሻው አየው።